ሁለት አስቴር፣ አንድ ፋሲካ

ማሽን የሰውን እንጀራ ይነጥቃል እያሉ የሚያስፈራሩ ሰዎች አሉ። የእኔን እንጀራስ አልነካም። እኔን ሊነጥቀኝ የተነሣው ዶሮዬን ነው፤ ያውም ሁዳዴን ሙሉ በሽሮና በምስር ስጠብቀው የከረምኩትን ዶሮ! ይሄ በዝምታ የሚታለፍ በደል አይደለም፤ አላለፍኩትምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆላንድ አገር፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ፣ ስኪልደርስዋይክ በሚባለው ሰፈር፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት እሠራለሁ። ድርጅታችን ሮተርዳምም ቅርንጫፍ አለው፤ ዋና ቢሮው አምስተርዳም ነው። በብርዱ ወራት አለቆቻችን ከእንግዲህ ወረቀት የሚባል ነገር በዓይናችን አናይም ብለው ማሉ። የሠራተኛው ማህደር በሙሉ ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ፣ ወረቀቱ ተቆራርጦ ይጣል ተባለ። የሥራው መሪ ባስ የሚባል ለግላጋ ሆላንዳዊ ነው። ጉልበቴን ያመኝ ስለነበር ለጊዜው እሱ ዘንድ መደቡኝ። ምን ልሠራ? የስቴፕለር ሽቦ ልነቅል! አንዲት የመኖሪያ ወረቀት ለማግኘት ዓመታት ደጅ የጠናሁ ሴትዮ ወረቀት ለማጥፋት ተቀጠርኩ። ፈጣሪም ቀልድ ይወዳል።

አሁን ሌላዋን አስቴር ላስተዋውቃችሁ። እኔ አስቴር ተስፋዬ ነኝ፤ ሮተርዳም ቅርንጫፍ ደግሞ ሌላ አስቴር ተስፋዬ ትሠራለች። ዘመዴ አይደለችም። ምን ታደርጉታላችሁ፣ አገራችን አስቴርም ተስፋዬም ነጥፎባት አያውቅም። የትውልድ ቀናችንም ጃንዋሪ አንድ፣ ዓመቱም ያው ነው። ስደተኛ ሆነን ስንገባ የመዘገበን ሰው የእኛን አቆጣጠር ወደ እነሱ መመለስ ሲያቅተው፣ ዓመቱን በግምት ጽፎ ቀኑን ጃንዋሪ አንድ ይለው ነበር። እዚህ ያለ ሐበሻ ግማሹ የተወለደው በፈረንጅ አዲስ ዓመት ነው። እናቶቻችን ለምጥ እንዴት ተቀጣጥረው ይሆን? ልዩነታችን እሷ ረጅም ጴንጤ፣ እኔ አጭር ኦርቶዶክስ መሆናችን ነው። የቀድሞዋ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ብልህ ሴት ነበሩ፤ በእኔ ማህደር ላይ ቀይ፣ በእሷ ላይ አረንጓዴ ምልክት ለጥፈው ጡረታ ወጡ። የባስ ማሽን ግን የሚያነሣው በጥቁርና ነጭ ነው።

ማሽኑ እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ይመስላሉ፣ ልቀላቅላቸው ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ባስ አዎ የሚለውን ተጫነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን ማፍሰሱንም አላወቀ። ደመወዛችን በሌላ ፕሮግራም ስለሚሠራ አልተነካም። የተቀላቀለው ዕረፍታችንና ፈረቃችን ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም።

እኔ ልብ ያልኩት ለፋሲካ ዕረፍት ጠይቄ ስከለከል ነው። ባስ ዘንድ ሄድኩ። ስክሪኑን አየና ፈገግ ብሎ፣ "አስቴር፣ አንቺ እኮ ፋሲካን አክብረሻል" አለኝ። መቼ? ከሳምንታት በፊት! ለካ ጴንጤዋ አስቴር በሆላንዶቹ ፋሲካ ዕረፍት ወጥታ ኖሯል። እሷ በላች፣ እኔ ጠገብሽ ተባልኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ አይደለም?

ሁለት ሰዎች ነን አልኩት። ለአምስተርዳም እጽፋለሁ፣ ይጣራል፣ ጥቂት ወራት ይወስዳል አለኝ። ወራት? ክርስቶስ እንኳ መቃብር ውስጥ የቆየው ሦስት ቀን ነው! እስከዚያው ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አንዲት አስቴርን ነው፣ እሷም እሑድ ጠዋት ሥራ ላይ መገኘት አለባት ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። ደሜ ፈላ። ቅዳሜ ሌሊት ከሕዝቡ ጋር ቆሜ "ክርስቶስ ተነሣ" ሲባል ካልሰማሁ፣ ያ ሁሉ ጾም ለእኔ ተራ ረሃብ ነው። አገሬን ትቼ መጥቻለሁ፣ የልደት ቀኔንም ወስደውብኛል። ፋሲካዬን ግን አልሰጥም አልኩት፤ በሩንም ትንሽ ጠንከር አድርጌ ዘጋሁት።

ለረጅሟ አስቴር ደውዬ ጉዱን ነገርኳት። "ያንቺን ፋካንሲ፣ ዕረፍትሽን በላሁብሽ በዪኛ!" ብላ ሳቋን ለቀቀችው። ከዚያ ረጋ ብላ፣ "አንድ ከሆንን ምን ቸገረሽ፣ እህቴ? አስቴር ትገኝ አይደል ያለው? ትገኛለች። የእኛ ጉባኤ ከሰዓት ነው" አለችኝ።

እሑድ ጠዋት እኔ ነጠላዬን ሳላወልቅ በዶሮ ወጥ ስፈስክ፣ አስቴር ከሮተርዳም በባቡር መጥታ ባጇን በሩ ላይ አስነካች። በሩም "እንኳን ደህና መጣሽ፣ አስቴር" ብሎ ወለል አለላት። ኮምፒውተሩ ረካ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ዛሬ ቁመትሽ ጨምሯል ብለዋት ነበር፤ እሳቸውን ደግሞ ይረሳሉ እየተባለ ማንም አይሰማቸውም።

ሰኞ ባስ ፊቱ ቀልቶ መጣ። ማህደሩን መርምሮ ስህተቱን ደርሶበታል፤ ይቅርታ ጠየቀኝ። ዋና ቢሮም ስለፈቀደ አሁኑኑ እለያችኋለሁ ብሎ ጣቱን ወደ ቁልፉ ሲሰድ፣ እጁን ለቀም አደረግኩት።

"ተው፣ ባስ" አልኩት፣ "ጥቂት ወራት ይወስዳል ብለህ የለ? ገናችንም ሁለት ነው።"