አቶ ደጉ የመሠረት ድንጋይ ያኖሩ ዕለት

(ካዛንቺስ፤ ረፋድ። ለዓመታት ቆሞ የከረመው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ዳግም ሊጀመር ነውና፣ ከምዝገባው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ተዘርግቷል። የተሰለፉት ግን ሰዎች አይደሉም፤ ድንጋይ፣ ጡብና አሮጌ ጫማ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ጥላ ፍለጋ ተበትነዋል። ጡረተኛው የመዝገብ ቤት ሹም አቶ ደጉ፣ እንዲደርሳቸው የሚመኙትን ቤት በባዶው ሜዳ ላይ በኖራ ሥለው በመካከሉ ተኮፍሰው ቆመዋል። የድሮ ጎረቤታቸው ካሳይ ኖራውን ረግጦ ይመጣል።)

ደጉ፦ ቁም! በግድግዳ ገባህ!

ካሳይ፦ (አንድ እግሩን አንጠልጥሎ) የቱ ግድግዳ፣ ጋሽ ደጉ?

ደጉ፦ የረገጥኸው! የመኝታ ቤቴን ግድግዳ ጥሰህ ከነጫማህ አልጋዬ ላይ ቆመሃል። ውጣና በበሩ ግባ።

ካሳይ፦ በሩ የት ነው?

ደጉ፦ ኖራው የተቋረጠበት። አንኳኳ!

ካሳይ፦ ምኑን?

ደጉ፦ በአፍህ!

ካሳይ፦ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ደጉ፦ ማነው?

ካሳይ፦ ኧረ እኔ ነኝ! እያዩኝ?

ደጉ፦ በተዘጋ በር ማን ያያል? ጫማህን ጠርገህ ግባ።

ካሳይ፦ (አፈሩን በአፈር ላይ እየጠረገ ይገባል) የእትዬ አየለች ቡፌ የት ሊቆም ነው?

ደጉ፦ እዚህ፣ ከመስኮቱ ሥር። ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ያ ቡፌ ያየው መከራ! እግሩ ለገሃር፣ መሳቢያው ኡራኤል፣ መስታወቱ ክርስትና ልጄ ዘንድ። አየለችም «ቡፌዬ አንድ ጣሪያ ሥር ሳይሰበሰብ እኔም ካንተ ጋር አልሰበሰብም» ብላ እህቷ ቤት ከረመች። ዛሬ ካልተመዘገብሁ ሚስቴም ቡፌዬም እንደ ተበተኑ መቅረታቸው ነው። ለመሆኑ ወረፋችንን በወጉ ይዘሃል?

ካሳይ፦ ጎሕ ሲቀድ ነው የመጣሁት። የሚመዘገበው ሠላሳ ሰው ብቻ ነው አሉ። እርስዎን ሃያ ዘጠነኛ፣ ራሴን ሠላሳኛ አደረግሁ። ለእርስዎ ድንጋይ፣ ለእኔ የተሰነጠቀች ጀሪካን።

ደጉ፦ ጀሪካን! ለእንዲህ ያለ ታላቅ ጉዳይ ጀሪካን ታቆማለህ? አምጣት፤ ለመታጠቢያ ቤቴ ትሁን።

ካሳይ፦ አይሆንም ጋሼ፤ እሷ ሥራ ላይ ናት።

ደጉ፦ ተዋት እንግዲያ። ይልቅ ይህ ቤት አንድ ብርቱ ጉድለት አለበት።

ካሳይ፦ ጣሪያ?

ደጉ፦ ጣሪያ ኋላ ይደርሳል! የመሠረት ድንጋይ ነው የጎደለው። በአርባ ዓመት አገልግሎቴ ያለ መሠረት ድንጋይ የተጀመረ ሥራ አላየሁም።

ካሳይ፦ ያለቀስ አይተዋል?

ደጉ፦ አታቋርጠኝ! (ወደ ሰልፉ አሻግረው እያዩ) ያን ጥቁር ድንጋይ ይዘህልኝ ና። ማዕዘኑን የጠበቀ፣ ግርማ ያለው።

ካሳይ፦ ያንን? ማለቴ… ጋሽ ደጉ፣ እሱ እኮ…

ደጉ፦ ማለቴ አትበል!

ካሳይ፦ ሰው ወረፋ ይዞበታል።

ደጉ፦ ሰውዬው የት አለ? ንቁ ሰው ድንጋዩን ይጠብቃል።

ካሳይ፦ ባለቤቱን እኮ አውቀዋለሁ።

ደጉ፦ እኔም ሳላየው አወቅሁት፤ ሞኝ ነው! አምጣ ብያለሁ።

ካሳይ፦ በቃ፣ እርስዎ ካሉ። (ሄዶ ድንጋዩን ተሸክሞ ይመለሳል፤ በበሩ በኩል) ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ደጉ፦ ግባ! (ድንጋዩን በማዕዘኑ ላይ አኑረው ኮታቸውን ይቆልፋሉ) ክቡራትና ክቡራን!

ካሳይ፦ እኔ ብቻ ነኝ።

ደጉ፦ አጨብጭብ!

ካሳይ፦ ገና ምንም አልተሠራም እኮ።

ደጉ፦ ከተሠራ በኋላማ ማን ያጨበጭባል? ይህ ታላቅ ሕንፃ…

(የጽሕፈት ቤቱ በር ይከፈታል። መዝጋቢዋ ፍሬሰላም ወጥታ ሰልፉን ከዳር ትቆጥራለች።)

ፍሬሰላም፦ …ሃያ ሰባት፣ ጡብ። ሃያ ስምንት፣ ጫማ። ሃያ ዘጠኝ፣ ጀሪካን። የማን ናት?

ካሳይ፦ የእኔ!

ፍሬሰላም፦ ሠላሳ፣ ብሎኬት። በቃ፣ ሞልቷል!

ደጉ፦ የለም፣ የለም! ሃያ ዘጠነኛው እኔ ነኝ። ካሳይ! ድንጋዬን የት አደረስኸው?

ካሳይ፦ ቤትዎ ውስጥ ነዋ። አሁን ንግግር አደረጉበት አይደል?

ደጉ፦ (ድንጋዩን አየት፣ ሰልፉን አየት) አንተ… ለምን አልነገርኸኝም?

ካሳይ፦ ባለቤቱን አውቀዋለሁ አልኩ። ሞኝ ነው አሉኝ። እርስዎን የመሰለ አዋቂ ከተናገረ፣ ምን ብዬ ልከራከር?

ደጉ፦ (ድምፃቸው ሰልሎ) አሁን አየለችን ምን ልበላት?

ካሳይ፦ ምን ይጨነቃሉ ጋሼ! እኔ ገና መመዝገቤ ነው፤ የእርስዎ ቤት ግን ተጀምሯል። የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጧል ይበሏት። ሁላችንም በዚችው ቃል አይደል ሃያ ዓመት የታገሥን?

(ካሳይ ጫማውን ጠርጎ፣ ወለል ብሎ የተከፈተውን የጽሕፈት ቤት በር በአፉ «ኳ፣ ኳ» ብሎ ይገባል። አቶ ደጉ ድንጋያቸው ላይ ቁጭ ይላሉ። አንድ ውሻ መኝታ ቤታቸውን አቋርጦ ያልፋል፤ በግድግዳው በኩል።)