ፊቱን ወደ ማዶ ያዞረ አንቴና

[ምሥራቅ በርሊን። ከተማዋን ከምዕራቡ የሚከፍለው ግንብ ከተሠራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የአንድ አሮጌ ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ጣሪያ ላይ። ዳቦ ጋጋሪው ኤቫልድ ነፋስ ያጎበጠውን የቴሌቪዥን አንቴና አቅፎ ይታገላል። ጎረቤቱ ሎታር፣ ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያየዋል።]

ሎታር፦ ዶሮ አይደለም እኮ የያዝከው። ምን አንገቱን ታንቀዋለህ?

ኤቫልድ፦ ብለቀው ይወድቃላ።

ሎታር፦ መደገፍና ማነቅ ለየቅል ነው። እሱስ ይቅር፤ ፊቱን ወዴት እንዳዞርከው ታውቃለህ?

ኤቫልድ፦ ወደዚያ።

ሎታር፦ ወደዚያ ማለት ወዴት?

ኤቫልድ፦ ወደ ቢራ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ።

ሎታር፦ ከጭስ ማውጫው ወዲያስ?

ኤቫልድ፦ ሰማይ ነዋ።

ሎታር፦ ከሰማዩ ሥር ምን አለ?

ኤቫልድ፦ [አሻግሮ እያየ] እርግብ።

ሎታር፦ ካፒታሊዝም ነው ያለው፣ ኤቫልድ። በጠራራ ፀሐይ አንቴናህን ወደ ኢምፔሪያሊስቶች አዙረህ ተገትረሃል።

ኤቫልድ፦ እኔ እንኳ ወደ ቢራ ፋብሪካው መስሎኝ።

ሎታር፦ በፖለቲካ ትምህርት ሰዓት አታንቀላፋ የምልህ ለዚህ ነው። ዓለም ለሁለት ተከፍላለች። አንዱ ቦምብ ሲሠራ ሌላው ይሠራል። አንዱ ሮኬት ሲሰድ ሌላው የባሰ ይሰዳል። ገባህ?

ኤቫልድ፦ እንደ እኔና እንደ ሚስቴ ወንድም።

ሎታር፦ ቦምብ አላችሁ?

ኤቫልድ፦ ጥንቸል ነው የምናረባው። እሱ አንድ ሲጨምር እኔም እጨምራለሁ። አሁን ሁለታችንም ቤት መቀመጫ የለም።

ሎታር፦ ጥንቸሉን ተወውና አንቴናውን ወደኛ መልሰው። የኛ ጣቢያ በዚህ ሰዓት ስለ ድንች አዝመራ ግሩም ዝግጅት አለው።

ኤቫልድ፦ ድንቹ ውስጥ አኔሊ የለችማ።

ሎታር፦ አኔሊ ደግሞ ማናት? ዜና አንባቢዋ?

ኤቫልድ፦ ልጄ ናት።

ሎታር፦ [ድምፁ ይለዝባል] ያቺ ማዶ የቀረችው?

ኤቫልድ፦ አክስቷ ዘንድ ልታድር ሄዳ ነበር። ጠዋት ስንነሣ መንገዱ ላይ እሾህ ሽቦ ተዘርግቷል። በትራም እኮ ጥቂት ፌርማታ ነው፤ መስመሩ ያንተ ነበር። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ጋር በቴሌቪዥን ትቀርባለች።

ሎታር፦ ታዲያ ከመጀመሪያው አትናገርም?

ኤቫልድ፦ አንተ መች ታስወራለህ።

ሎታር፦ [ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ] ስማ። ለሰው ተንፍሼው የማላውቀውን ልንገርህ። እኔም አያለሁ።

ኤቫልድ፦ ምን?

ሎታር፦ የማዶውን ነዋ። ግን በዘዴ። ሽቦዬን ከመጋረጃው ብረት ጋር አስራለሁ፣ ድምፁን እቀንሳለሁ፣ ከዚያ ከነቴሌቪዥኑ ብርድ ልብስ እከናነባለሁ። እስከዛሬ ማንም አላወቀም።

ኤቫልድ፦ ግድግዳው ስስ ነው። ብቻህን ስትስቅ ይሰማል። ሚስቴ ትሩደማ “ምን እየጻፈ ነው እንዲህ የሚያስቀው?” ትላለች።

ሎታር፦ እኔ ምን እጽፋለሁ?

[የጣሪያው በር ሲጢጥ ይላል። የሕንጻው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ ሂልደጋርድ እያለከለኩ ብቅ ይላሉ።]

ሎታር፦ [በሹክሹክታ] አለቀልን። አንተ ዝም በል፣ እኔ እናገራለሁ።

ኤቫልድ፦ እሳቸው እኮ…

ሎታር፦ ዝም በል አልኩህ። [ጮክ ብሎ] እንደምን ዋሉ ጓድ ሂልደጋርድ። ኤቫልድ አንቴናውን ወደ ሞስኮ እያዞረው ነው።

ሂልደጋርድ፦ ሞስኮ በዚህ በኩል ናት እንዴ?

ሎታር፦ በዙሪያ ጥምጥም። መሬት ክብ አይደለች? በምዕራብ ይዘው ሳያርፉ ቢሄዱ፣ ሞስኮ በጓሮ በኩል ይገባሉ።

ሂልደጋርድ፦ እውነት ነው ኤቫልድ?

ኤቫልድ፦ እኔ ይዤዋለሁ እንጂ የትም አልሄድኩም።

ሎታር፦ እሱን አይጠይቁት፤ ምሥራቅና ምዕራብ አይለይም። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ እኔን ይክሰሱኝ። እሱ ምስኪን፣ ልጁን ማየት ብቻ ነው የፈለገው… ድንቹን ማለቴ ነው።

ሂልደጋርድ፦ [ሎታርን ትኩር ብለው አይተው] ትንሽ ወደ ግራ።

ሎታር፦ [ወደ ግራ ፈቀቅ ይላል] እዚህ ልቁም?

ሂልደጋርድ፦ አንተን አይደለም። ኤቫልድ፣ ወደ ግራ አድርገው። ሁለተኛ ፎቅ ምስሉ ላይ በረዶ እየዘነበ ነው። የኔማ ድምፅ ብቻ ሆኗል።

ሎታር፦ የእርስዎ?

ሂልደጋርድ፦ ሽቦው ከዚህ ወርዶ ወደ ሁሉም ቤት ይገባል።

ሎታር፦ እኔ ቤት አልገባም።

ኤቫልድ፦ አንተ ቤትማ አይገባም።

ሎታር፦ ለምን?

ኤቫልድ፦ ጠቋሚው አንተ ነህ ብለን።

ሎታር፦ እኔ?

ኤቫልድ፦ ሁሉን ትጠይቃለህ፣ ሁሉን ታውቃለህ፣ ማታ ማታ ብቻህን ትስቃለህ። ዛሬም ተከትለኸኝ ስትወጣ አለቀልኝ ብዬ ነው እርግብ፣ ጥንቸል ስልህ የቆየሁት።

ሎታር፦ እኔ ደግሞ ሞኝ መስለኸኝ።

ኤቫልድ፦ እንዲመስልህ ነዋ።

ሂልደጋርድ፦ እኔስ ብትል? ከላይ የተላክህ መስሎኝ ደረጃ ላይ ባገኘሁህ ቁጥር መፈክር ሳሰማ ጉሮሮዬ አለቀ።

ሎታር፦ እኔ እኮ ያንን መፈክር ፈርቼ ነው በበጋ ሙቀት ብርድ ልብስ ውስጥ የተቀቀልኩት።

የትሩደ ድምፅ፦ [ከታች፣ ከመስኮት] ኤቫልድ፣ መዘምራኑ ገቡ። ቶሎ ና እንጂ።

ኤቫልድ፦ [አንቴናውን እንዳቀፈ] ብለቀው ይጠፋባችኋል። አንቺ እይልኝ፤ በኋላ ትነግሪኛለሽ።

[ሎታር ኮቱን አውልቆ አንቴናውን ይጨብጣል።]

ሎታር፦ ልቀቀው።

ኤቫልድ፦ ነፋሱ ብርቱ ነው።

ሎታር፦ ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ጨብጬ ነው የኖርኩት። ሂድ ስልህ፣ ዘፈኑ ሳያልቅ።

[ኤቫልድ እየሮጠ ይወርዳል። ሂልደጋርድ ይከተሉታል። ሎታር ብቻውን ቀርቷል፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አንቴናውን ይዟል። ዝማሬው ከሕንጻው መስኮቶች ሁሉ ይወጣል።]

የትሩደ ድምፅ፦ ያቻት፣ ያቻት። ፀጉሯን ተቆርጣዋለች።

የኤቫልድ ድምፅ፦ ፊቷ ሞላ ብሏል። ደህና እየበላች ነው።

[ሎታር ፈገግ ይላል። ዝማሬው እየጎላ ይሄዳል። ወደ መንገዱ ቁልቁል ያይና ይደነግጣል።]

ሎታር፦ ኧረ ድምፁን ቀንሱት እናንተ ሰዎች። ጎረቤት ይሰማል።

የሂልደጋርድ ድምፅ፦ የምንፈራው ጎረቤት አንተ ብቻ ነበርክ። ይልቅ እጅህን አታንቀሳቅስ፣ በረዶ ጀመረብን።