አባባ ቤት የፈነዱ ጎማዎች

ሹፌር መቼም ሳይዋሽ አይውልም። አትቆጡ፣ ራሴም ሹፌር ነኝ። አሰላ ካለው መጋዘናችን ብስኩት፣ ፓስታና ሳሙና ጭኜ በዲክሲስ መንገድ ላሉ ሱቆች ሳከፋፍል ስንት ዓመቴ መሰላችሁ? አሥራ አንድ። ዘግይቼ በገባሁ ቁጥር ምክንያቴ አንድ ነበር፦ «ጎማ ፈነዳ፣ ጎሚስታ ቤት ነበርኩ።» ማን ያጣራል? ያኔ ከከተማ ትንሽ ወጣ ካልን ስልክ እንኳ አይሠራም ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ? እነዚያ ጎማዎች በሙሉ የፈነዱት አባቴ ቤት ነው።

አባባ ከዲክሲስ ወዲህ፣ መንገድ ዳር፣ ገብስ እያረሱ ይኖራሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። የመኪናዬን ድምፅ ከሩቅ ይለዩታል፤ እኔ ሳልደርስ እሳቸው በር ላይ ቆመዋል። ከዚያ ሰላምታ ይጀመራል። የአርሲን ሰላምታ ታውቃላችሁ? እጅ ጨብጦ ማለፍ እንዳይመስላችሁ። «አከም ጂርታ?» ብለው ይጀምሩና ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ልጆቼ በየስማቸው፣ ስለ አማቶቼ ጭምር ይጠይቁኛል። ተራው የእኔ ሲሆን ስለ ላሞቹ፣ ስለ ጥጃዋ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤታችን ጉልበት ሕመም እጠይቃለሁ። መሀል ላይ አቋርጦ መሄድ ነውር ነው። ሰላምታው ሲያልቅ ወተት ይመጣል፤ ወተቱ ሲያልቅ ደግሞ ወሬ ይጀመራል። ታዲያ ጎማ ቢፈነዳ ይገርማል?

ከሁለት ዓመት በፊት መኪኖቻችን ላይ ጂፒኤስ ተገጠመ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ናት። ስምሪት ክፍል ደግሞ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ እያንዳንዳችን የት እንዳለን ታያለች። ብፈጥን ትደውላለች፣ ብቆምም ትደውላለች። አንድ ቀን በጎች መንገድ ዘግተውብኝ ቆምኩ።

«ጄማል፣ ለምን ቆምክ?»

«በጎች ናቸው።»

«ስንት ናቸው?»

«ሰዓዳ፣ ወርጄ ልቁጠራቸው?»

ለነገሩ ጂፒኤሱን አላማርርም። ቁልቁለት ላይ መጋለብ ትቻለሁ፤ ባለቤቴ በየሶላቷ ታመሰግነዋለች። ግን አባባስ? በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ልማዴ ጎራ አልኩ። ገና ሁለተኛው ልጄ ላይ ሳንደርስ ስልኩ ጮኸ። አባቴን ሰላም እያልኩ ነው አልኳት። ሰዓዳ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የመቆሚያ ምክንያቶችን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ብትፈልግ አባት የሚል አጣች። ሁለቴ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ሦስተኛው ከመኪናው ያስወርዳል ተባልኩ።

ከዚያ በኋላ እዚያች በር ላይ ስደርስ ሁለቴ ክላክስ አድርጌ ማለፍ ያዝኩ። አባባ ከዘራቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እኔ እጄን በመስኮት አወጣለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሰላም ተባባልን። ናፍቆት ባሕር ማዶ ሰው ላለው ብቻ ይመስለኝ ነበር። አባቴን በየሦስት ቀኑ፣ በአሥር ሜትር ርቀት እያየሁ ናፈቅኋቸው። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ ከዘራቸውን ገና አላወረዱም። አንዳንዴ እንባዬ ይመጣ ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

አንድ ቀን ግን አሰብኩ። ደንበኛ ጋ ስንቆም ለማራገፊያ አሥር ደቂቃ ይፈቀድልናል። ታዲያ አባባ ለምን ደንበኛ አይሆኑም?

ደውዬ ሱቅ ይክፈቱ ስላቸው መጀመሪያ «እኔ ገበሬ ነኝ፣ ምን በወጣኝ!» ብለው ተቆጡ። አሥር ደቂቃ አብረን እንደምንሆን ስነግራቸው ግን ቁጣውን ተዉት። በነጋታው የፊቱን ክፍል ጠርገው ሁለት ጣውላ ግድግዳው ላይ መቱ። ለንግድ ፈቃዱ እኔ ተመላለስኩ። ሰዓዳም ካርታዋ ላይ የአባባን ቤት ምልክት አደረገችበት።

የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዴት ደስ ይሉ ነበር! አንድ ካርቶን ብስኩት አወርዳለሁ፣ ሰላምታውን ትንሽ ፈጠን አድርገን እንጨርሳለን፣ ወተቴን ቆሜ እጠጣለሁ። ብስኩቱን አባባ ለሰፈሩ ልጆች ያድሉታል።

ስህተቴ ምን መሰላችሁ? በአካባቢው ሌላ ሱቅ አለመኖሩን አላሰብኩም። ልጆቹ እናቶቻቸውን ላኩ። እናቶቹ ሳሙና አለ ወይ አሉ። የገበያ ቀን መንገደኛው ሁሉ ይቆም ጀመር። አባባም፣ በሰባ ዓመታቸው፣ ንግድ እንደሚጥማቸው አወቁ።

ባለፈው ሐሙስ ደረስኩ። በር ላይ የቆመ የለም። ገባሁ። አባባ እስክሪብቶ ከቆባቸው ሥር ሰክተው ለአንዲት ሴትዮ ፓስታ ያወርዳሉ።

«ነጋ?» አሉኝ። ሰላም ነው ማለታቸው ነው። ሰላምታው እሱው ነበር። «ሳሙናውን እዚያ አድርገው፣ ሰው ቆሟል።»

«አባባ፣ ጥጃዋ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። በሚቀጥለው ብስኩት ጨምርልኝ።»

አራግፌ ወጣሁ። ክላክሱን ሁለቴ መታሁት። በመስታወቱ ባይ ማንም የለም። ኩርባውን እንዳለፍኩ መኪናውን ዳር አስይዤ ሞተር አጠፋሁ። ስልኩ ጮኸ።

«ጄማል፣ አባትህ ጋ የቆምከው አራት ደቂቃ ብቻ ነው» አለች ሰዓዳ። «ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?»

«አልተጣላንም፣ ገበያ ደርቶባቸው ነው።»

«አሁንስ ለምን ቆምክ?»

«ጎማ ፈነዳ» አልኳት።



«እሺ» አለች፣ «ጎሚስታው እስኪመጣ ስድስት ደቂቃ ይቀርሃል።»