እጅህን ኪስህ ክተት

ሕፃን ልጅ ከጫማው ጋር ሲታገል እያየ እጁን አጣጥፎ የሚቆም ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ክፉ ከሆነ ጎረቤት ያማዋል፤ ሰነፍ ከሆነ ሚስቱ ትቆጣዋለች። ሥራው ከሆነ ግን ነጭ ጋውን ይለብሳል። የእኛዋ ከሦስተኛው ወገን ናቸው፤ ክብርት እመቤት፣ የዳተኛ ጣቶች አሠልጣኝ፣ የችኩል ወላጆች ጠላት፣ እትዬ ቆይ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ወላጆች ነን። ከአፋቸው የማይጠፉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ «ቆይ!» ነው። ሌላው «እጅህን ኪስህ ክተት!»

የሚኖሩት እኛ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የጎረቤታችን የሦስት ዓመት ልጅ ደረጃው መሃል ተቀምጣ የወለቁ ጫማዎቿን ለማጥለቅ ትታገላለች። እትዬ ቆይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ደረጃውን ዘጉት። ከኋላቸው ፍሪጅ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

«እማማ፣ ያሳልፉን፣ ወገባችን ተቆረጠ!»

«ቆይ! እመቤቲቱ ሥራ ላይ ናቸው።»

እመቤቲቱ ምላሳቸውን አውጥተው፣ የግራውን በቀኝ አጥልቀው ሲነሡ እትዬ ቆይ አጨበጨቡ። ተሸካሚዎቹም አጨበጨቡ ይባላል፤ በየትኛው እጃቸው እንደሆነ እንጃ። በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ደግሞ ሙሽራው ኬክ ቆርሶ ሙሽሪትን ሊያጎርስ ሲል «እጇ ምን ሆነ?» ብለው ጮኸዋል አሉ። አልነበርኩም፤ ግን አምናለሁ።

እኔ በወጉ የተዋወቅኳቸው በልጄ በኩኩ ምክንያት ነው። ኩኩ ያን ጊዜ አምስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። እናቷ ካረፈች ዓመት ከአራት ወር አልፎ ነበር። ካፖርት መቆለፍ አትችልም፤ እርሳስ ከጣቷ ይወድቃል፤ የልብስ አንገት ላይ ያለችው፣ ቁጥሩ የተጻፈባት ጨርቅ ስትነካት ታለቅሳለች። ደወል ወይም የመኪና ጡሩንባ ስትሰማ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የወሰድኳት ቀን ደወሉ ተደወለና የዳይሬክተሯ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ዳይሬክተሯ ክፉ ሴት አይደሉም።

«አርባ ልጅ ለአንዲት መምህርት ነው» አሉኝ። «ካፖርቷን ራሷ ከለበሰች፣ ደወሉንም ከቻለችው፣ ትግባ። ሦስት ወር አለህ። ካልሆነ ለከርሞ።»

ከርሞ ማለት እኔ ሥራ ስውል ኩኩ ከአክስቴ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ሌላ አንድ ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ እትዬ ቆይ ወደሚሠሩበት ክሊኒክ፣ ወደ ክፍላቸው ሄድን።

መድኃኒት ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ከጣሪያ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ፣ ወለል ላይ ፍራሽ፣ አንድ ቅርጫት የልብስ መቆንጠጫና ባልዲ ሙሉ ጥሬ ባቄላ ነው።

«ያን ሁሉ የተማሩት ለባቄላ ነው?» አልኩ፣ ለቀልድ ያህል።

«ባቄላው ውስጥ አሥር ቁልፍ ተደብቋል፤ ሳታዪ በጣትሽ አውጪ» አሏት ለኩኩ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ እጅህን ኪስህ ክተት።»

ሙያቸው ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። ስሙ ረጅም ነው፤ ነገሩ አጭር። የልጅ ሥራ መጫወት፣ መልበስ፣ መብላት፣ መጻፍ፣ ተናዶም መረጋጋት ነው፤ እሳቸው ያን ሥራ ያስለምዳሉ። መቆንጠጫው ጣት ያጠነክራል። ዥዋዥዌው ሰውነት የት እንዳለ ለራሱ ይነግረዋል። ስለ ደወሉ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉ፦

«የአንተ ጆሮ በር አለው፤ የማትፈልገውን ትዘጋበታለህ። የሷ ጆሮ በሩ ገና አልተገጠመም። ሁሉም ሳያንኳኳ ነው የሚገባባት።»

ከዚያ ኩኩን ወደ ግድግዳው ወሰዷት። «ጩኸቱ ሲመጣ ሁለት መዳፍሽን እዚህ። ግፊው! ልታፈርሽው ነው! እስከ አሥር ቁጠሪ።» ራሳቸውም አብረው ገፉ። እኔ ሳቄን አፈንኩ፤ በኋላ ሳነበው፣ ጡንቻ ሲሠራ የተረበሸ ሰውነት እንደሚረጋ ተጽፎ አገኘሁ። ባላነበውም ይቀጥሉ ነበር።

በየሳምንቱ ሐሙስ የቤት ሥራ ይሰጡናል። የመጀመሪያው ወር የቤት ሥራ ካፖርት መቆለፍ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ አታለልኩ። ኩኩ አንዱን ቁልፍ ለመያዝ ስትንደፋደፍ፣ አላስችል ይለኝና ጎንበስ ብዬ ጠቅ ጠቅ አድርጌ እቆልፍላታለሁ። አንድ ሐሙስ ጠዋት እንደዚያው ቆልፌ ወሰድኳት።

«ማን ቆለፈው?» አሉ እትዬ ቆይ።

«እሷ።»

«የአንገቱንም?»

«የአንገቱንም።»

መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኩኩ አባት፣ ልጅ የአንገት ቁልፍ መጨረሻ ነው የሚለምደው። አያየውማ!»

«አባዬ ነው» አለች ኩኩ፣ እጇን ባቄላው ውስጥ እንደከተተች። የገዛ ልጄ!

የሚጮሁብኝ መስሎኝ ነበር። ኩኩ ዥዋዥዌው ላይ ስትወጣ ግን ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «ድሮ ማን ነበር የሚቆልፍላት?» አሉኝ።

«እናቷ።»

«እንግዲያ አንተ የምትቆልፈው ለልጅቷ ብቻ አይደለም።»

ዓይናቸውን ዥዋዥዌው ላይ አድርገው ቀጠሉ። «ካፖርቱ ቁልፉ ትንሽ ነው። ሰፊ ሹራብ፣ ትልልቅ ቁልፍ ያለው፣ እቤት አይጠፋም፤ በሚቀጥለው ይዘህ ና» አሉ።

አይጠፋም። የእናቷ ሹራብ መኝታ ቤቱ በር ጀርባ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቡናማ፣ አምስት ትልልቅ የእንጨት ቁልፍ ያለው። አላጠብኩትም፣ ከቦታውም አላነሣሁትም። በሩን ስከፍት እንኳ ቀስ ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት በፌስታል ይዤው ሄድኩ።

ኩኩ ለበሰችው፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። አንገቱ ላይ ያለችው ጨርቅ ነካቻት፤ አላለቀሰችም። እጅጌውን ወደ አፍንጫዋ ወስዳ አሸተተች። ከዚያ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፣ ማሽተቷን ቀጠለች። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ሌላ ልጅ ውጭ ወረፋ እየጠበቀ ነው። «ኩኩዬ፣ ቁልፉን…» ልል ስል፣ እትዬ ቆይ ክንዴን ያዙ።

«ቆይ» አሉ። ያን ቀን ያሉት ቆይ ድምፅ የለውም ነበር።

ሰዓቱ አልቆ አንድም ቁልፍ አልተቆለፈም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ተቆለፈ፤ የታችኛው፣ ጉልበቷ አጠገብ ያለው። ከዚያ ሁለት። በሁለተኛው ወር መጨረሻ አራት ደረስን፤ በሦስተኛው ወደ ካፖርቱ ተመለስን። እኔም እጄን ኪሴ መክተት ለመድኩ፤ የሱሪዬ ኪሶች ሁለቱም ተቀደዱ።

አንድ ቀን ማታ ራት ከበላን በኋላ ሳህን እያጠብኩ ሳለ፣ ከሳሙናው ማስቀመጫ ጀርባ የባለቤቴ የፀጉር መያዣ ወጣ። ውኃውን ዘጋሁ። ምን እንደማደርግ ስላጣሁ ሁለት እርጥብ መዳፌን ግድግዳው ላይ አድርጌ ገፋሁ። ሰባት ስደርስ ኩኩ ከኋላዬ መጣች።

«አባዬ፣ ሄደልህ?»

«ምኑ?»

«ግድግዳው።»

«ገና ነው።»

«አይሄድም እኮ» አለች፣ እንደ ባለሙያ። መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ አብረን ከአንድ ጀመርን።

ትምህርት የተከፈተ ዕለት እትዬ ቆይን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። «ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነው» አሉ። ዳቦ ቤቱ በተቃራኒው በኩል ነው። ዳይሬክተሯም ልጅ ሲቀበሉ በር ላይ ነበሩ፤ ዓይናቸው ኩኩ ላይ።

ኩኩ ካፖርቷን ከቤት ጀምሮ ራሷ ቆልፋ ነበር የመጣችው፤ የአንገቱንም ጭምር። ግን አንድ ቁልፍ ዘልላለች፤ አንዱ ወገን ከሌላው ረዝሞ ተንጠልጥሏል። እኔ አይቼው ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ኪሴ ውስጥ እጄን ጨብጬ ነው የመጣሁት። አሁን ግን አንድ እጅ ወደ ካፖርቱ ሲዘረጋ አየሁ። የእኔ አልነበረም። የእትዬ ቆይ ነበር።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ የጋውናቸውን ኪስ ፈለጉ፤ ጋውን ግን አልለበሱም። በመጨረሻ እጃቸውን ከኋላቸው ደበቁ።

ኩኩ ወደ ታች አየች። «ውይ» አለች። ሁሉንም ፈታች፣ ከታች ጀመረች። ልጆች በአጠገባችን ያልፋሉ። አራተኛውን ቆልፋ የአንገቱ ሲቀራት ደወሉ ተደወለ። ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ወጣ። ኩኩ ሁለት መዳፏን የበሩ ግንብ ላይ አድርጋ ገፋች። ከንፈሯ ይቆጥራል። አሥር ላይ ለቀቀችው፣ የአንገቱን ቁልፍ ሳታየው ቆለፈች፣ ዞር ብላም ሳታየን ገባች። ዳይሬክተሯ ስሟን መዝገቡ ላይ ጻፉ።

«እንሂድ?» አልኳቸው እትዬ ቆይን።

«አንተ ቅደም፣ እመጣለሁ።»

ጥቂት ሄጄ ዞር ብል፣ ክብርት እመቤት ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው፣ ሁለት መዳፋቸውን ለጥፈው ቆመዋል። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራ ስንት ልጅ በዚህ በር እንዳስገቡ አላውቅም። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ተመለስኩ። አጠገባቸው ቆሜ መዳፌን ግንቡ ላይ አደረግኩ።

«ስንት ደርሰዋል?» አልኳቸው።

«ቆይ» አሉ። «ገና ሦስት ነኝ።»