ከአጠገቤ ለማትለየው ልጄ

የሐረር ሰው ማሳደስ ይችልበታል። ረመዳን ሲቃረብ የጀጎል ቤቶች አዲስ ቀለም ይለብሳሉ፤ እኛ የአቦከር ሰፈር ክርስቲያኖችም ለፋሲካ ግድግዳችንን ኖራ ሳንቀባ አናልፍም። መታወቂያ እናሳድሳለን፣ መንጃ ፈቃድ እናሳድሳለን፣ አንዳንዶቻችሁ ጥርስም ታሳድሳላችሁ። ኑዛዜ ግን አንዴ ከተጻፈ የሚነካው የለም። የነካው ሰው ሞትን በስሙ የጠራው ይመስለዋል።

እናቴም እንዲያ ነበረች። ኑዛዜዋን በአራት ምስክሮች ፊት አጽፋ፣ ከዳዊቷ ጋር በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ያን ጊዜ ታላቅ እህቴ ጽጌ ድሬዳዋ አግብታ ነበር፤ እናቴ ዘንድ የቀረሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ነገሩ ተገለባበጠ። ጽጌ ትዳሯ ፈርሶ ተመለሰች፤ እኔ የቤተ መጻሕፍት ሥራ አግኝቼ ጅማ ሄድኩ። አርባ ዓመት እኔ መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ እሷ እናቴን አጠበች፣ አጎረሰች፣ ቀበረች። ወረቀቱ ከጨርቁ አልወጣም።

ከአርባ ቀን ተዝካሯ በኋላ አንድ ሽማግሌ ገልጠው አነበቡት፦ «ቤቴን ከአጠገቤ ለማትለየው ልጄ፣ ለአስካለ ሰጥቻለሁ።»

አስካለ እኔ ነኝ። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ያገኘሁትን ቤት ልኖርበት ተመለስኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ቀናሁ። ቤቱ የእኔ፣ በሩን የሚያንኳኳው ሁሉ የጽጌ! ከጀጎል የምትመጣው ወዳጇ አሚና ማንጎ ይዛ ብቅ ትልና፣ እኔን ስታይ «አቦ፣ የጅማዋ፣ አለሽ እንዴ? ጽጌስ?» ትለኛለች። ማንጎው እጇ ላይ ይቆያል። ጽጌ በኑዛዜው ልትከራከር ትችል ነበር። «እማዬ ያለችው ነው» ብላ ወጧን ልታማስል ገባች። ብትሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ዘንድሮ ጅማ ቤቴ የቀረው ልጄ ደወለ። «እማ፣ አንቺን አንድ ነገር ካገኘሽ የሐረሩን ቤት እሸጠዋለሁ» አለኝ። ግልጽ ልጅ ነው። ጽጌ በዚህ ዕድሜዋ የት ልትወድቅ ነው? የጅማው ቤት ለእሱ፣ የሐረሩ ለእሷ ብዬ በምስጢር ላጽፍ ወሰንኩ። ጸሐፊ ዘንድ ብሄድ አራት ምስክር አምጪ አለኝ። በተወለድኩበት ከተማ አንድም ሰው የለኝም! የግዴን አሚናን ለመንኳት፤ ሦስት ጎረቤት አስከትላ መጣች። አራቱም የጽጌ ሰዎች። ጸሐፊው ሕጉ ነው ብሎ ጮክ ብሎ አነበበላቸው።

አሚና ዓይኗን ጠረገች። «አልሐምዱሊላህ! ወላሂ፣ እኔ ክፉ ትመስይኝ ነበር።»

«ነኝ» አልኳት፤ ፈረመች።

ቤት ስደርስ ጽጌ ሰምታለች። አላቀፈችኝም። ወጥ ጨለፈችልኝና ከጎኔ ተቀመጠች። «አስኩ፣ እኔ እኮ በአራት ዓመት እበልጥሻለሁ። ከሞትኩ በኋላ ቤት ምን ያደርግልኛል?»

ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት እኔ፣ ይህን ያሰበችው እሷ።

እናንተዬ፣ ኑዛዜ ጻፉ፤ ጽፋችሁም አትርሱት። የእኔን በየፋሲካው፣ ኖራው ሲቀባ፣ እገልጠዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል፤ ቤቱ ለጽጌ እንዲደርሳት ቀድሜ መሞት ያለብኝ እኔ ነኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ደግሞ እሷን በምንም ቀድሜያት አላውቅም።