ለአጎቴ እግር የመጣ ወንፈል

በዚህ አገር ዕብራይስጥ የቻለ ወጣት ሁሉ የዘመድ አስተርጓሚ ነው። ሹመቱን ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ሽረትም የለውም። እኔ ደግሞ ባዮሎጂ ስለምማር ሐኪም የሚታይበት ቀጠሮ ሁሉ የኔ ነው። ይባስ ብሎ፣ አንድ ነገር ከማስረዳቴ በፊት በትክክል ማወቄን ሁለቴ የምጠራጠር ሰው ነኝ። በዚህ ላይ አጎቴን አለሙን ጨምሩበት።

አጎቴ ከሚኖሩበት ሰፈር ከኔቬ ያዕቆብ መጥተው፣ እዚሁ ከተማ «የኢትዮጵያ መንገድ» በሚባለው ጎዳና ሲያልፉ ባለቤት የሌለው ውሻ ቁርጭምጭሚታቸውን ነከሳቸው። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከተነሳ መድኃኒት የለውም፤ ማምለጫው ቶሎ መወጋት ነው። እየጎተትኩ ክትባቱ ወደሚሰጥበት ጤና ቢሮ አደረስኳቸው። ነርሷ ሁለት መርፌ አዘጋጀች፤ አንዱ ክትባት፣ ሌላው ከሰዎች ደም የተጣራ ፀረ እንግዳ አካል። «ደም» የሚለውን መዝለል ስችል ተረጎምኩት።

«የማን ደም?» አሉ አጎቴ፣ ሱሪያቸውን ወደ ታች እየመለሱ።

«አይታወቅም፣ ጋሼ።»

«ሰባት ቤት ቆጥሬ ያገባሁ ሰውዬ፣ በእግሬ በኩል ከማን እንደምዛመድ ሳላውቅ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ!»

አስረዳሁ። ስለ ሴል አስረዳሁ፣ ስለ ፕሮቲን አስረዳሁ፣ የተናገርኩትን መልሼ አረምኩ። አጎቴ ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ። በሽታው እኮ ማብራሪያዬ እስኪያልቅ አይጠብቅም! ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ ሰብልዎ ደርሶ ዝናብ ቢመጣ ልጆችዎ እስኪያድጉ ይጠብቃሉ ወይስ ወንፈል ይጠራሉ? ክትባቱ የራስዎን ልጆች ማጨድ ያስተምራል፤ ሳምንታት ይፈጃል። ይሄኛው የሰው ጉልበት ነው። አጭዶልዎ ይሄዳል፤ አይዛመድዎትም!»

«ከብዙ ሰው ነው?»

«ከብዙ።»

«ታዲያ ወንፈል ነው አትልም! ምን ያስለፈልፍሃል?»

እግራቸውን ዘረጉ። ተወጉ።

እፎይ ሳልል እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ወንፈል ይመለሳል። በላት፣ ከኔም ትቅዳ።»

ከኢትዮጵያ የመጡት የኛ ሰዎች የለገሱት ደም በዚህ አገር የደም ባንክ በስውር ይጣል እንደነበር በጋዜጣ ከወጣ ብዙም አልቆየም ነበር። አጎቴ ጋዜጣ አያነቡም። ለነርሷ ተረጎምኩላት። ቀና ሳትል፣ «አያስፈልግም በላቸው» አለች።

«ምን አለች?»

ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ በመተርጎም የምታወቀው እኔ፣ «አዝመራ ሲደርስ እንጠራዎታለን አለች» አልኩ።

«ጎሽ! ታዲያ ስልክ ቁጥሬን ስጣት እንጂ፤ ምን ያስቆምሃል?»

ሰጠኋት። ምን ላድርግ?