የአቶ አራጌ አርባ ሰባት ቀን

አንድ ሥራ መቼ እንደሚያልቅ በተነገረ ቁጥር ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው የሌለበት አገር የለም። የእኛ የቆቦው ጉሮሮ ጠራጊ ክቡር አቶ አራጌ ነበሩ። "ያልቃል" የሚል ቃል ከሰሙ "እሱንስ ቆጥረኸዋል?" ሳይሉ አያልፉም።

ጎረቤታችን የሺ የማድቤቷ ክዳን "ለቅዳሜ ይደርሳል" አለች። "ሣር አጫጁ ከሚስቱ ተጣልቶ እናቱ ቤት ገብቷል፤ እሱንስ ቆጥረሽዋል?" አሏት። እውነትም ባልና ሚስቱ እስኪታረቁ የሺ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ ወጥ ሠራች። እኔ በበኩሌ አቶ አራጌን ከሩቅ ካየሁ በጓሮ ነበር የምዞረው።

በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ግን መሸሻ አጣሁ። ከሮቢት ወደ ቆላው እህል የሚያስገባ የመኪና መንገድ ሊሠራ ሆነ። ቆፋሪዎቹ ራሳቸው የተራቡት ገበሬዎች፣ ጸሐፊው እኔ፣ የቆፋሪዎቹ አለቃ አቶ አራጌ። ክረምት ገብቶ መሀል ያለው ወንዝ ከሞላ መኪና አያልፍም፤ ማዶ ያለው ሰውም አለቀለት ማለት ነው።

ወጣቱ መሐንዲስ ሙሉጌታ ወረቀቱን ዘርግቶ "በሃያ ቀን ያልቃል" አለ። አቶ አራጌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ለታቦቱም ለጁምዓውም ብለህ ስምንት ቀን ጨምር። ለገበያ ሦስት። ባለሥልጣን ሊጎበኘን መምጣቱ አይቀርም፤ አራት ያዝለት።"

"ለአንድ ጉብኝት አራት ቀን?"

"አንድ ቀን እንጠርጋለን፣ አንድ ቀን ቆመን እንጠብቃለን፣ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ምን ሊል እንደመጣ እንጨቃጨቃለን።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ለቀብር አሥራ ሁለት። ሬሳ ሳይቀበር አካፋ የሚያነሳ የለም። እሱንስ ቆጥረኸዋል?"

ድምሩ አርባ ሰባት ቀን ሆነ። መሐንዲሱ በንዴት ጮኸ፦ "በአርባ ቀን ወንዙ ይሞላል እኮ!"

"እንግዲያው መንገዱን አትጠብቅ። እህሉ በነጋዴው በታሂር ግመሎች ቀድሞ ይግባ።"

ሙሉጌታ እየተነጫነጨ ፈረመ። ግመሎቹ በሳምንቱ ገቡ። ሰው ትንሽ ቀመሰ፣ ክንዱም ጠና። ባለሥልጣኑም መጡ፤ "በርቱ" ብለው ሄዱ፤ አራቱ ቀን ሳይሸራረፍ ተበላ። መንገዱ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን አለቀና መኪናው አለፈ። ወንዙ በአርባኛው ሞላ።

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኳት ቀን መጣች! ደብተሬን ይዤ ገበያ መሀል ደረስኩባቸው።

"ጋሽ አራጌ፣ በዘጠኝ ቀን ተሳሳቱ!"

"ከየትኛው ተረፈ?"

"ከቀብሩ። ሦስት ብቻ ነው የሄደው።"

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፦ "ተናኜ… አያሌው… አሚና…" ዘጠኝ ሰው ቆጠሩ፤ ዘጠኙም በሕይወት አሉ። ለካ አሥራ ሁለቱን ቀን የያዙት ያኔ በረሃብ ለሞት የደረሱትን አንድ በአንድ አይተው ኖሯል። በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ቀጥለውም "ተሳሳትኩ! ጎበዝ፣ ተሳሳትኩ!" እያሉ በገበያው መሀል ይዘሉ ጀመር። በጓሮ ስሸሻቸው የኖርኩት እኔም እጃቸውን ይዤ አብሬያቸው ዘለልኩ።